ለሁለት ሳምንት ወደ አሶሳ

ክረምት ሲገባ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች በቡድን በቡድን ሆነው ይታያሉ። በካናቴራው ጀርባ የቤተ ክርስቲያናቸው ስም፣ በደረቱ ላይ የኢትዮጵያ ካርታ ተስሎበታል። ግማሾቹ ፈረንጆች ናቸው። ግማሾቹ ግን የእኛው ልጆች ናቸው፤ በሚኒሶታ ወይም በቶሮንቶ ተወልደው ያደጉ፣ «እንደምን ዋላችሁ» ለማለት መጀመሪያ የእናታቸውን ፊት የሚያዩ። ሻንጣቸው ቢከፈት ከረሜላ፣ የቀለም እርሳስ፣ ያገለገለ ጫማና የራስ ምታት ክኒን ይገኝበታል። ወዴት ናችሁ ቢሏቸው «ሚሽን ትሪፕ» ይላሉ። እኛ የአጭር ጊዜ የወንጌል ጉዞ እንበለው።

ውድ አንባቢ፣ ከእነዚህ ልጆች አንዱ የወንድምዎ ልጅ ሊሆን ይችላል። ወይም እርስዎ ራስዎ እዚሁ አዲስ አበባ በቤተ ክርስቲያንዎ «ዘንድሮ ወደ አሶሳ ነው» ተብሎ ስምዎን አስመዝግበው ይሆናል። ሂዱ ወይም አትሂዱ ማለት የዚህ ገጽ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ስለዚያ አገርና ከእርስዎ በፊት ወደዚያ ስለ ሄዱት ሰዎች ጥቂት ብንጨዋወት ጉዳት የለውም። (ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ያደረግሁ እንደ ሆነ እነግርዎታለሁ፤ የቀረው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ከወሩ እንጀምር። በአሜሪካና በአውሮፓ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሰኔ አካባቢ ስለ ሆነ ጉዞው ሁሉ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ላይ ይወድቃል። አሶሳ በእነዚህ ወራት ምን ላይ ናት? ዝናቡ በግንቦት ይይዝና እስከ ጥቅምት ድረስ ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ የዝናቡ እምብርት ናቸው። ማሽላው ተዘርቶ ከአረም ጋር የሚተናነቅበት፣ ባልም ሚስትም ልጅም ማሳ ላይ የሚውሉበት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። እንግዲህ «ሕፃናትን ለማስተማር» የመጣው ቡድን ተማሪ የሚያገኘው ልጆቹን ከአረም ላይ ጠርቶ ነው። በዚያ አገር ያገኘሁት አንድ ወንጌላዊ፣ እንግዶች በመጡበት ክረምት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያስተረጉም ከርሞ ወደ ማሳው ቢመለስ ማሽላውን ከአረሙ መለየት እንዳቃተው እየሳቀ አጫውቶኛል። እየሳቀ ነው ያልሁት አንባቢ ልብ እንዲል ነው፤ እንግዳን የሚወቅስ ሰው በዚያ አገር አይገኝም። ስለዚህም ነው እንግዳው ራሱ ማሰብ ያለበት።

አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ባለቤቶች ተብለው በሕግ ይታወቃሉ፤ ከእነርሱም ጋር አማራው፣ ኦሮሞውና አገው አብረው ይኖራሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 784,345 ነበር፤ ከመቶው 45 ያህሉ ሙስሊም፣ 33 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ ከ13 የሚበልጠው ፕሮቴስታንት፣ 7 ያህሉ ደግሞ የአባቶቹን እምነት የያዘ ነው። በአሶሳ ዙሪያ ያሉት በርታዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። አሶሳን ይገዙ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በአዲስ አበባ ያሠሩት ቤት የታወቀ ነው፤ ሾጎሌ የሚባለውም ሰፈር ስሙን ከእርሳቸው እንዳገኘ ይነገራል። ይህን የማነሣው ለታሪክ ማሳመሪያ አይደለም። አንዳንዱ ጐብኚ ወደ ባዶ ምድር የሚሄድ ይመስለዋል፤ የሚሄደው ግን እምነትም፣ ሥርዓትም፣ ሽማግሌም ወዳለው ቤት ነው። እዚያም ቤት በማሽላ ገንፎና በባሚያ ወጥ ይቀበሉታል።

ወደዚያ አገር ከተደረጉት የወንጌል ጉዞዎች ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የተሰናከለው ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከኢሉባቦር ምድር በልጅነቱ ተሰርቆ የተሸጠ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1870 በምጽዋ ነፃ የወጣ፣ በስዊድን ሚስዮን ቤት የተማረ ሰው ነው። ስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምሮ ሲመለስ ወደ ወገኖቹ ለመግባት ቸኰለ። በመሐል አገር በኩል ያለው መንገድ ለሚስዮናውያን ዝግ ስለ ነበረ ቡድኑ በሱዳን ዞሮ፣ ከካርቱም ዓባይን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ። ፋማካ ደረሱ፤ በቤኒሻንጉል ጠረፍ፣ በአሶሳ በኩል አልፈው ወለጋ ለመግባት ፈለጉ። አልሆነላቸውም። የጉዞው መሪ ስዊድናዊው አሬኒዩስ በዚሁ ጉዞ ሞቱ፤ ኦኔሲሞስ በንዳድ ታሞ በሚያዝያ 1874 ዓ.ም. ከቀሩት ጋር ካርቱም ተመለሰ። የማህዲ ጦር በሱዳን የተነሣበት ዘመን ነበረና ለጥቂት አመለጡ።

በዛሬ ሚዛን ቢመዘን ይህ ከንቱ ጉዞ ነው። አንድ ሰው አላስተማሩም፤ አንድ ቤት አልሠሩም፤ ለማሳየት የሚሆን ሥዕል እንኳ አላመጡም። ኦኔሲሞስ ግን ምጽዋ አጠገብ ወደ ምንኩሉ ተመልሶ ተቀመጠና መተርጐም ጀመረ። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ ዓመታት ደከመበት፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮሞኛ ታተመ። ወደ ወለጋ የገባው በዚሁ አቆጣጠር በ1904 ነው፤ ይኸውም የዓባይ ጉዞው ከተሰናከለ ከሃያ ዓመት በኋላ። እስኪሞት ድረስ፣ በዚሁ አቆጣጠር እስከ 1931፣ ኑሮው በነቀምት ምድር ነበር። ሃያ ዓመት በር ላይ የቆመ ሰው ሲገባ የሚይዘው ነገር ሁለት ሳምንት ከሚቆየው የተለየ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከአሶሳ ማዶ፣ ከጠረፉ ወዲያ የሆነ ነው፤ ፍጻሜው ግን አሶሳ ላይ ነው። ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚስዮን ሰዎችን አስወጣ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሩቅ አልሄዱም፤ ጠረፉን ተሻግረው በሱዳን ግዛት በዶሮና በቻሊ ተቀመጡ። (ዶሮ ስንል የቦታ ስም ነው፤ ወጥ የምንሠራባት አይደለችም።) በነሐሴ 1932 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ዶሮን ደብድበው ሐኪሙን ሮበርት ግሪቭንና ባለቤቱን ገደሉ። የቀሩት ሥራቸውን ቀጠሉ። በቻሊ፣ ኡዱክ በሚባል ሕዝብ መካከል የተቀመጡት ሁለት ሴቶች፣ ሜሪ ቢምና ኤልሳቤጥ ክሪድላንድ፣ ቋንቋውን ተምረው ለጽሕፈት አበቁት፤ ባህሉም ወንጌሉም በዚያ ቋንቋ ተጻፈ። በ1956 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥት ሚስዮናውያኑን ሁሉ ከደቡቡ ሲያባርር የቻሊም ጣቢያ ተዘጋ።

አባራሪዎቹ ነገሩ በዚሁ ያበቃል ብለው ሳይገምቱ አልቀሩም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ያደገችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ቁልፉ በአገሬው ሰባኪዎች እጅ ወደቀና። በ1979 ዓ.ም. ጦርነቱ ቻሊን ሲያቃጥላት ሕዝቡ እንዳለ ተነሥቶ ወደ እኛ መጣና አሶሳ አጠገብ ጾሬ በሚባለው ሰፈረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጥር 1982፣ ጦርነቱ አሶሳንም አገኛት፤ ስደተኞቹ ሌሊቱን ሸሽተው እንደገና ሱዳን ገቡ፤ ከዚያ ወደ ኢታንግ፣ ከኢታንግ ወደ ናስር፣ ከናስር ተመልሰው ወደ ጋምቤላ። በዚያ ሁሉ መንከራተት መካከል የማረኩት ከብት የላቸውም፣ የተሸከሙት ዕቃ የላቸውም፤ መዝሙራቸውን በራሳቸው ቋንቋ ይዘው ዞሩ። በ2004 ዓ.ም. መባቻ በሰማያዊ ዓባይ አውራጃ ጦርነቱ ሲያገረሽ እንደገና ተሰደዱ፤ ከፊሉ ያቺው በአውሮፕላን የተደበደበችው ዶሮ ላይ ሰፈረ፤ ዛሬ ዶሮ የደቡብ ሱዳን ትልቅ የስደተኞች ጣቢያ ናት። ከፊሉ ወደ አሶሳ በኩል መጣ። በሚያዝያ 2015 የካርቱሙ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ሌላ ሕዝብ ጐረፈ፤ ኡራ በሚባለው ቦታ አዲስ መጠለያ ተከፍቷል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከነካናቴራዎ ወደ አሶሳ ሄደው «ለስደተኞች ወንጌል ልስበክ» ቢሉ ከፊትዎ የሚቀመጡት ሽማግሌ ምናልባት በጾሬ፣ በኢታንግና በናስር የሰበኩ፣ ልጆቻቸውን በመንገድ ቀብረው መዝሙር ያስጀመሩ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ማን ለማን እንደሚሰብክ አስቀድሞ መጠየቅ ጨዋነት ነው።

ከእኛው ወገን የሆነ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሰሜኑን በጐዳበት ጊዜ መንግሥት ከወሎና ከሌላም ክፍለ ሀገር ሕዝብ እያነሣ ወደ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ ለሠፋሪው ጎጆ እንዲሠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳና ወደ ጋምቤላ አዘመተ። ተማሪዎቹ በትእዛዝ ሄዱ እንጂ በምርጫ አልሄዱም፤ ጉዞውም ወንጌል የለበትም፤ ዘመኑ የሶሻሊዝም ነው። ሆኖም የማኅበረ ቅዱሳን ታሪክ ሲነገር ከዚያው ከመተከል ዘመቻ ይጀመራል፤ በየማታው ለጸሎት የተሰበሰቡት ተማሪዎች ሲመለሱ ኅብረቱን አልተዉትም። ስለዚህ የጉዞው ትልቁ ፍሬ የበቀለው በጎጆው ሳይሆን በጎጆ ሠሪው ላይ ነው። ጎጆውስ? ጎጆው የቆመው ጉሙዞች ሲያድኑበት፣ ማር ሲቆርጡበትና እየተዘዋወሩ ሲያርሱት በኖሩት መሬት ላይ ነበር። እነርሱን የጠየቃቸው አልነበረም። በመተከል በመሬት ምክንያት የተነሣው ጠብ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ደም እንዳፋሰሰ፣ በተለይ ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ የሆነውን፣ አንባቢ አይዘነጋም። ከዚያ ሁሉ ተማሪ አንዱ ስንኳ በክፋት እንጨት የተሸከመ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ሰው ስለዚህ ማውራት ያፍራል። የአጭር ጊዜ ጉዞ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። ጆርጅ ቨርወር የተባለው አሜሪካዊ ተማሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአሮጌ መኪና መጻሕፍት ጭኖ ሜክሲኮ ሄደ። ከአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ የሚወጣው የቤተ ክርስቲያን ተጓዥ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ እንደሚሆን ተጠንቶ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ሆንዱራስን ማዕበል ሲያፈርሳት ቤት ለመሥራት ብዙ ቡድን ጐረፈ። ቨር ቢክ የተባለው ምሁር ኋላ ሒሳቡን መረመረ፤ በዚሁ አቆጣጠር በ2006 ባወጣው ጥናት መሠረት የመጡት ቡድኖች የሠሩት አንድ ቤት ከነመጓጓዣው 30,000 ዶላር ያህል ፈጅቷል፤ የአገሩ የክርስቲያን ድርጅት ግን ያንኑ ቤት በ2,000 ዶላር ያህል ይሠራ ነበር። በቤቶቹ ውስጥ የገቡት ሰዎች ቤቱን ማን እንደ ሠራው ለኑሯቸው ልዩነት አላመጣም። ተጓዦቹም «ከተመለስን ወዲህ ምጽዋታችን በዝቷል» አሉ፤ መዝገቡ ሲገለጥ ግን ብዙም ለውጥ አልታየበትም።

ይህን ወደ እኛ እናምጣው። ከአሜሪካ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ የአንድ ሰው የአውሮፕላን ዋጋ በአሶሳ ገጠር ከሚያስተምር መምህር የአንድ ዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ቡድኑ አሥራ ሁለት ሰው ነው እንበል። የአሥራ ሁለት መምህራን የዓመት ደመወዝ በአየር ላይ ተቃጠለ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ቡድኑ ደርሶ አንድ ግድግዳ ቀለም ይቀባል። ቀለም መቀባት የሚችል ሥራ አጥ ወጣት በአሶሳ የጠፋ ይመስል!

ታዲያ ማንም አይሂድ ነው የምለው? አይደለም። ልዩነቱን በዓይን በሽታ ላስረዳ። የዓይን ሞራ የያዘው ሰው ካለ፣ የሠለጠነ ሐኪም ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቀዶ ያበራለታል፤ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ያያል። ለዚህ ሁለት ሳምንት ብዙ ነው፤ በሁለት ሳምንት ብዙ መቶ ሰው ማየት ይችላል። ነገር ግን በዚያው ክልል፣ በተለይ በመተከል ወንዞች ዳር፣ ሌላ የሚያሳውር በሽታ አለ፤ በፈጣን ወንዝ የምትራባ ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው የትል በሽታ ነው። መድኃኒቱን ሠሪው ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1987 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ዳሩ ግን መድኃኒቱ የሚገድለው የትሉን እጮች ነው፤ እናቲቱ ትል በሰው ገላ ውስጥ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ትኖራለች። ስለዚህ ክኒኑ በየዓመቱ፣ አንዳንድ ቦታ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ያለ ማቋረጥ መሰጠት አለበት። ይህን የሚያደርጉት የየመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ በእጃቸው የቁመት መለኪያ እንጨት ይዘው፣ ክኒኑን በቁመት ልክ እየቆጠሩ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ። ፎቶግራፍ የሚያነሣቸው የለም። የጐብኚ ቡድን ለመጀመሪያው ዓይነት በሽታ ይጠቅማል፤ ለሁለተኛው ግን ሊያደርግ የሚችለው የእነዚያን ሰዎች ጫማና የዝናብ ልብስ መግዛት ብቻ ነው። እርስዎ ወደ አሶሳ የሚወስዱት ሥራ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ይመርምሩ።

ለሚሄደው ጥቂት ነገር ላክል። በጐብኚ ቪዛ ገብቶ የሃይማኖትም ሆነ ሌላ ሥራ መሥራት አይቻልም። ወደ ስደተኞች ጣቢያ ለመግባት የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ፈቃድ ያስፈልጋል። መድኃኒት በሻንጣ አይገባም፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያላየውን ክኒን ለገበሬ ማደል በአሜሪካ ቢያደርጉት የሚያሳስርዎትን ነገር በአሶሳ ማድረግ ነው። ወባ አለ፤ መከላከያውን ከመነሣትዎ በፊት ይጀምሩ፣ አጎበርም ይያዙ። በነቀምትና በመንዲ በኩል ያለው የመኪና መንገድ በጸጥታ ምክንያት በየጊዜው ስለሚቸግር ብዙ ሰው በአውሮፕላን ይሄዳል።

ከረሜላውን ይተዉት። ከመኪና መስኮት ከረሜላ የወረወረ ሰው፣ ልጆች ሲራኮቱ አይቶ «ደስ አላቸው» ይላል፤ አባትየው በር ላይ ቆሞ ያያል። ልጁን ፎቶግራፍ ከማንሣትዎ በፊት እናቲቱን ይጠይቁ፤ በእርስዎ አገር ትምህርት ቤት ገብቶ የሰው ልጅ ያለ ፈቃድ የሚያነሣ እንግዳ ምን እንደሚገጥመው ያውቁታልና። በሙስሊም ቤት ሲገቡ ሰላምታዎን ሰጥተው ቡናውን ይጠጡ። የመጡበትን ቢጠይቁዎት በግልጽ ይናገሩ። ጫማና ልብስ የሚሰጡ ከሆነ ግን ስለ እምነት በተናገሩበት ጉባኤ ላይ አያድሉት። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረው የሚስዮናውያን ደንብ አገሩን ለስብከት በተከፈተና ባልተከፈተ ክፍል የከፈለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ ያ አከፋፈል ቀርቷል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ሰው የወደደውን እንዲያምን ይፈቅዳል፤ ማስገደድን ይከለክላል። የተራበ ሰው ዱቄት ይዞ የቆመን ሰባኪ እንዴት አድርጎ «አልቀበልህም» ሊለው እንደሚችል እኔ አላውቅም።

ከሁሉ በፊት ደብዳቤ ይጻፉ። ለቡድን መሪዎ አይደለም፤ አሶሳ ወይም ባምባሲ ላለው ምእመን፣ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ወይም ለትምህርት ቤቱ ዲሬክተር። «እኛ እንዲህ ልናደርግ አስበናል» ብለው አይጀምሩ፤ ለእንዲህ ያለው ደብዳቤ መልሱ ምንጊዜም «እሺ፣ እናመሰግናለን» ነውና ምንም አይማሩበትም። «ይህን ያህል ገንዘብ ይዘናል፤ እኛ ባንመጣ በምን ታውሉት ነበር?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «መምህር እንቀጥርበታለን» ከሆነ ካናቴራውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጡት። «አይ፣ የውኃ ፓምፕ የሚጠግን ሰው የለንምና እርሱን ላኩልን» ካሉም አሥራ ሁለት ሰው ቀርቶ አንድ ይሂድ፤ እርሱም ሁለት ሳምንት ሳይሆን ሁለት ወር ይቀመጥ፤ ሲመለስም ፓምፑን የሚፈታ የሰፈር ልጅ አሠልጥኖ ይምጣ።

ወሩን በተመለከተ ጥር ይሻላል። ማሽላው ገብቷል፤ መንገዱ ደርቋል፤ ትምህርት ቤቱም ክፍት ነው። የአሜሪካው ልጅ በጥር ትምህርት አለብኝ ይላል፤ እውነቱን ነው። እንግዲያው እርሱ ይቅርና ጡረታ የወጡት አጎቱ፣ በሙያቸው መካኒክ ወይም ነርስ ከሆኑ፣ ይሂዱ፤ አማርኛም ይችላሉ። ለጥር ከሆነ ደብዳቤው አሁኑኑ መጻፍ አለበት፤ ፈቃዱ ጊዜ ይወስዳል።